«ኩይሳው የታለ?» ስለ አንድ የኮምቦልቻ እንጉዳይ የተጻፈ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ባለፈው ነሐሴ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከሜዳ የተለቀመ እንጉዳይ በልቶ ሦስት ሰው ታመመ። ሁሉም ድነዋል። የምጽፈው ራሳቸው ፈቅደውልኝ ነው። ስም አልጠራም፣ ሰፈሩንም አልናገርም። ኮምቦልቻ እንደምታውቋት ናት፤ ሁለት ፍንጭ ከሰጠሁ ቤቱን አንኳኩታችሁ ትገባላችሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከሥራ ውጭ ደግሞ ጓሮዬ ባለች ጠባብ ክፍል በጭድ ላይ ኦይስተር እንጉዳይ አበቅላለሁ። ከታመሙት አንዷ የድሮ ተማሪዬ ናት፤ ስልኩ ወደ እኔ የመጣውም ለዚህ ነው።

እንጉዳዩን የለቀመው ወንድሟ ነው። ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። ግድየለሽ ልጅ አይደለም፤ ጠይቋል፣ ቪዲዮ አይቷል፣ በራሱ መንገድም ፈትኗል። ጉዳዩን መጻፍ ያስፈለገኝም እሱ የሠራውን ሁሉ እኔም በእሱ ዕድሜ ልሠራው እችል ስለነበር ነው።

ከዚያ በፊት የሆነው

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ልጁ ከሐርቡ ወጣ ብለው ወደሚኖሩ፣ የእናቱ የጥንት ጎረቤት ወደሆኑ አንዲት እናት ዘንድ ሄዶ ነበር። ሁሉም ሰው «እትዬ» ነው የሚላቸው። እትዬ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንጉዳይ ይለቅማሉ። የሚለቅሙት ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ የኩይሳውን።

የኩይሳ እንጉዳይ ምስጥ የሚያለማው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምስጡ ከመሬት በታች ባለው ቤቱ ፈንገሱን በተመገበው ቅጠልና እንጨት ላይ ያሳድገዋል፤ ዝናብ ሲበረታ እንጉዳዩ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። የሳይንስ ስሙ ተርሚቶማይሲስ ነው። ዛምቢያ ውስጥ ቆቡ እስከ 1 ሜትር የሚሰፋ ወንድም አለው፤ ጃንጥላ በሉት። የእኛው እንዲህ አይገዝፍም።

እትዬ ለልጁ ያሳዩት እንዲህ ነበር። ኩይሳው ጎን ተንበረከኩ። እንጉዳዩን አልቆረጡትም፤ በሹል እንጨት ዙሪያውን ማሱ። ከታች እንደ አይጥ ጅራት እየቀጠነ የሚሄድ ነጭ ሥር ወጣ፤ ከክንድ ይረዝማል። ከዚያ ቆቡን ገልብጠው አሳዩት፣ መሐሉ ላይ ያለችውን ሹል ጫፍ በጣታቸው አስነኩት። ልጁ በስልኩ ቀረጸው። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፤ 40 ሰከንድ ነው። 35ቱ ቆቡን ነው የሚያሳየው።

ልጁ ከዚያ ትምህርት ይዞ የተመለሰው ሦስት ነገር ነው፦ ዝናብ፣ ነጭ፣ ጃንጥላ። ኩይሳውና ሥሩ ሐርቡ ቀሩ።

አለቃቀሙ

ጊዜው ፍልሰታ ነው። በጾም እንጉዳይ ማለት የሥጋ ምትክ ነው፤ በሽንኩርትና በቃሪያ ከተጠበሰ ጥብስ የበላህ ይመስልሃል። ልጁ ቅዳሜ ጠዋት ከቦርከና ወዲህ ባለ ሣር ሜዳ ሲያልፍ ነጭ በነጭ ሆኖ አገኘው። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። እንጉዳዮቹ እንደ ቅስት ተሰልፈው ቆመዋል፤ ገና ያልተከፈቱት እንቁላል ያህላሉ፣ የተዘረጉት አንድ ስንዝር ይሆናሉ።

11 ለቀመ። ሁሉንም በቢላ ከመሬት እኩል ቆረጣቸው፣ አፈር እንዳይነካቸው ብሎ። ፌስታል ውስጥ ከተታቸው።

ቤት ሲደርስ ዝም ብሎ ድስት ውስጥ አልጨመራቸውም። መጀመሪያ በአንድ የስልክ አፕ ፎቶ አነሳቸው፤ አፑ በሱፐርማርኬት ከሚሸጠው ነጭ እንጉዳይ ወገን የሆነ፣ የሚበላ የሜዳ እንጉዳይ ነው አለው። ሁለተኛ፣ ከቲክቶክ ያየውን አደረገ፤ ነጭ ሽንኩርት አብሮ ቀቀለ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ካልጠቆረ መርዝ የለውም ተብሏልና። አልጠቆረም። ሦስተኛ፣ አንዱ ላይ የትል ቀዳዳ አየ፤ ትል ከበላው ሰውም ይበላዋል አለ። አራተኛ፣ እናቱን ጠየቀ። እናትየው የዛፍ ሥሩን «የጅብ ጥላ» ነው የሚፈሩት። «ሣር ላይ ያለው ምን ይሆናል» አሉ።

አራት ፈተና፣ አራቱንም አለፈ። አንዳቸውም ግን እንጉዳዩ ምን እንደሆነ አይናገሩም። ሽንኩርትም ሆነ የብር ሳንቲም መርዝ ለይቶ አይጠቁርም። ትልና ቀንድ አውጣ ሰውን የሚገድል እንጉዳይ በልተው ምንም ሳይሆኑ ይሄዳሉ፤ የእነሱ ሆድ የእኛ አይደለም። አፑ ያየው ደግሞ ከላይ የተነሳ ፎቶ ብቻ ነው፤ ሥሩ የለም፣ የቆቡ ውስጥ የለም፣ ሽታው የለም።

ማዕዱ

ከቅዳሴ መልስ 9፡30 ገደማ ተበላ። ልጁ ጠግቦ በላ። እህቱ ሁለት ጉርሻ። የእህቱ ልጅ፣ የ7 ዓመት ሕፃን፣ አጎቱ እያጎረሰው አራት አምስት ጉርሻ። እናትየው «እኔ ሽሮዬን» ብለው ተዉት። የእህትየው ባል ሥራ ላይ ነበር።

11ዱ ሁሉ አልተሠራም። ድስቱ ስለሞላ ሁለቱ በፌስታሉ ውስጥ ቀሩ፤ እናትየው ፍሪጅ ውስጥ ወረወሯቸው። ማንም አስቦበት አይደለም። በኋላ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይህ ነው።

ያ ማታ

መጀመሪያ ሕፃኑ ነው፤ 11 ሰዓት ሳይሞላ ሆዴን አለና አስታወከ። ባዶ ሆድ ስለዋለ ነው ተባለ። 11፡30 ላይ አጎትየው ጀመረው፤ ትውከት፣ ቁርጠት፣ ቀጥሎ ተቅማጥ። ያኔ ነው ቤቱ የደነገጠው። እህትየዋ 12፡30 አካባቢ ተከተለች።

ከዚያ ቤቱ ትርምስምስ አለ። አንድ ሰው ሰፈር ወዳለ መድኃኒት ቤት ሮጦ የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ይዞ መጣ፤ ምን በልተው እንደሆነ የጠየቀው የለም። የጊቢው ጎረቤት፣ ሙስሊም ናቸው፣ ትኩስ ወተት በጆግ ይዘው ገቡ። እናትየው «ኧረ ፍልሰታ ነው!» ብለው እጃቸውን ያዟቸው። ጎረቤትየው «ለመድኃኒት ነው፣ እግዜር ያውቃል!» ሁለቱ ሴቶች በር ላይ በወተቱ ሲከራከሩ ልጁ ጥግ ላይ ባልዲ ታቅፏል። አሁን ሲያወሩት ይስቃሉ። ወተቱ ተጠጣ፤ ተመልሶ ወጣ። ወተት የእንጉዳይ መርዝ አያረክስም፤ የሚያስታውክን ሰው በግድ ሲያጠጡት ደግሞ ትን ሊለው ይችላል።

እህትየዋ ማታ 1፡30 ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ እንጉዳይ በልተን ሊጨርሰን ነው።» እኔ የጠየቅኳት ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ሰዓት በላችሁ፣ ስንት ሰዓት ጀመራችሁ፣ ያልተሠራ የተረፈ አለ ወይ። «ፍሪጅ ውስጥ ሁለት አለ» ስትል ትንፋሼ ተመለሰ። አትጣሉት፣ ይዛችሁት ሂዱ፣ አሁኑኑ ሂዱ አልኳት። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረሱ።

ሰዓቱ ለምን አስፈለገ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በጣም የሚያስፈራው እንጉዳይ ቶሎ የሚያስታውከው አይደለም። አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለው፣ በዓለም ላይ በእንጉዳይ ከሚሞተው ሰው አብዛኛውን የሚገድለው ዝርያ፣ ከተበላ በኋላ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ድምፁን ያጠፋል፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት። ከዚያ ያስታውካል፣ ያስቀምጣል። ቀጥሎ ይሻለዋል! ሰውየው ተነሥቶ ይቀመጣል፣ ሾርባ ይጠጣል፣ ቤተሰቡ ተመስገን ይላል። በዚያ ሁሉ ሰዓት ጉበቱ እየፈረሰ ነው። መርዙ በመቀቀል አይጠፋም፣ በማድረቅም በማቀዝቀዝም አይጠፋም። ዝርያው ከዛፍ ሥር ጋር ተጣምሮ ስለሚኖር ደቡብ አፍሪካ የገባው ከውጭ ከመጣ የባሉጥ ዛፍ ጋር ነው።

የእኛዎቹ ከበሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ነው የጀመራቸው። ይህ ደግ ምልክት ነው። ግን ምልክት ብቻ ነው። 11 እንጉዳይ ሲለቀም አንዱ ሌላ ዝርያ ቢሆንስ? ቶሎ የሚያስታውከው ዘግይቶ የሚገድለውን ሊሸፍነው ይችላል።

ጤና ጣቢያ የነበረችው ባለሙያ ይህን ታውቅ ነበር፤ ምስጋና ይግባት። ግሉኮስ ሰቀለችላቸው፣ ለሕፃኑ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በማንኪያ በማንኪያ አሰጠችው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ልጁ «ተሽሎኛል፣ ልሂድ» ሲል «አንተ ሳትሆን ጉበትህ ነው የሚነግረኝ» አለችው። አደሩ። በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን የጉበት ምርመራ ደም ሰጡ። ደህና ነበር።

ፌስታሉ ሐረጎን ወጣ

እሑድ ጠዋት የእህትየው ባል ሁለቱን እንጉዳዮች ይዞ በሚኒባስ ወደ ደሴ መጣ። የነሐሴ ጉም በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎን ዳገት ሸፍኖት ዘገየ። ፌስታሉን ስከፍተው አንደኛው አተላ ሆኗል። እንጉዳይ በፌስታል ያልበዋል፣ ያልበውና ይበሰብሳል። ሁለተኛው ደግነቱ ደህና ነበር፤ ቆቡ የተዘረጋ፣ ነጭ፣ መሐሉ ላይ ቡናማ ቅርፊት ያለው። እግሩ ላይ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ በጣት ሲገፉት ላይና ታች ይንሸራተታል። ገለበጥኩት። የቆቡ ሥር፣ ያ እንደ ቀሚስ ሽንሽን የሆነው፣ ከሩቅ ነጭ ነው። መስኮት አጠገብ ሳቀርበው ድፍርስ አረንጓዴ ጥላ አለው። እህትየዋም ስትከትፍ አይታው ነበር፤ የሣር ቀለም መስሏት አጠበችው።

የጎደለኝ ሥሩ ነው። በቢላ ስለተቆረጠ ከታች ከረጢት ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ገዳዮቹ አማኒታዎች ከእግራቸው በታች፣ አፈር ውስጥ፣ እንቁላል ተሰብሮ የቀረ የሚመስል ከረጢት አላቸው። ከመሬት እኩል የቆረጠ ሰው ይህን ምልክት ሜዳው ላይ ትቶት ይመጣል። ባልየውን መልሼ ላክሁት። ጉቶዎቹን ፈልግ፣ በማንኪያ አውጣቸው፣ አትጎትት አልኩት። አራት አገኘ፤ በወረቀት ጠቅልሎ ፎቶም ልኮ አመጣልኝ። ታችኛው ጫፍ ትንሽ አበጥ ብሏል፤ ከረጢት የለም። በአካባቢው ዛፍም የለም፣ ሣር ብቻ።

እስከዚያው እኔ የስፖር (እንጉዳዩ እንደ ዘር የሚበትነው ደቃቅ ብናኝ) አሻራ እያነሳሁ ነበር። ቀላል ነው፤ ማንም ቤቱ ይሠራዋል። እግሩን ትቆርጣለህ፣ ቆቡን በሽንሽኑ በኩል ወረቀት ላይ ትደፋዋለህ፣ በብርጭቆ ወይም በጎድጓዳ ሳህን ትከድነዋለህ፣ ትተወዋለህ። ወረቀቱ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ነጭ ስፖር ነጭ ወረቀት ላይ አይታይም። ጥቂት ሰዓት ይበቃል፣ ማደር ይሻላል። 9 ሰዓት ላይ ብርጭቆውን አነሳሁ። ወረቀቱ ላይ የቆቡ ሥዕል ጨረር በጨረር ወጥቷል። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ የተፈጨ ጌሾ ቅጠል የመሰለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ማሰብ አላስፈለገም። ትልቅ፣ ነጭ፣ ቅርፊታም፣ ሣር ላይ የሚበቅል፣ ተንሸራታች ቀለበት ያለው፣ ስፖሩ አረንጓዴ፦ ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ። በሞቃት አገሮች ሣር ላይ የተለመደ ነው፤ ሰው ከሚበላው የሜዳ እንጉዳይ ጋር እያምታታ በየቦታው ይታመምበታል። በልጅነቱ ሽንሽኑ ንጹሕ ነጭ ነው፤ አረንጓዴው ሲጎለምስ ነው የሚመጣው። የሚበላው የሜዳ እንጉዳይ ግን ሽንሽኑ ከሮዝ ተነሥቶ ቸኮሌት መሰል ቡናማ ይሆናል፣ አሻራውም ጥቁር ቡናማ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው። አንድ ወረቀትና አንድ ብርጭቆ ቅዳሜ ጠዋት ቢገኙ ቅዳሜ ማታ ባልዲ አይታቀፍም ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

ያልሠራውን ከላይ ተናግሬዋለሁ፦ ሽንኩርቱ፣ አፑ፣ ትሉ፣ ወተቱ፣ ክኒኑ። የእኔንም ልጨምር። ስልክ ላይ ስለ ሰዓቱ ሳስረዳት «ቶሎ ከጀመራችሁ ብዙ አትፍሩ» ብያት ነበር፤ ለማረጋጋት ነው። ባልየው በኋላ እንደነገረኝ በዚህ ቃል ምክንያት ባጃጁን 20 ደቂቃ አዘግይተዋል። ለታመመ ሰው በስልክ የሚነገር አንድ ነገር «ሂዱ» ብቻ ነው፤ ማብራሪያው ይደርሳል።

የሠራው ጥቂት ነው። ያልተሠራ ናሙና መኖሩ። የእናትየው ሰዓት ማስታወስ፤ የቤተ ክርስቲያን ደወልና አዛን እየጠቀሱ ማን መቼ እንዳስታወከ በቅደም ተከተል ነገሩን። ባለሙያዋ ተሻለኝ ሲሏት አለመልቀቋ።

ለጀማሪ

አዲስ ለቃሚ «ይህ ይበላል?» ብሎ ሲጀምር መልሱን ከማንኛውም ሰው ያገኛል፤ ያውም የሚፈልገውን መልስ። ጥያቄው «ይህ ማን ነው?» ይሁን። ስሙን፣ ቤቱን፣ ሥሩን፣ የስፖሩን ቀለም ሳታውቅ መብል ውስጥ አትግባ። አንዱ ምልክት እንኳ ካልገጠመ ያ እንጉዳይ የምታውቀው አይደለም፤ «ትንሽ ይመሳሰላል» የሚባል ነገር የለም።

በመጀመሪያው ክረምት አንድ ዓይነት ብቻ ተማር። አንዱን ከነወንድሞቹ፣ ከሚመስሉት ሁሉ ጋር ማወቅ አሥሩን በጨረፍታ ከማወቅ ይበልጣል። ከሚያውቅ ሰው ጋር ስትወጣ የሚለቅመውን ብቻ አትይ፤ የተወውን ለምን እንደተወው ጠይቅ። ገና ያልተከፈተ እንቁላል መሳይ ፈጽሞ አትልቀም፣ ሁሉም በልጅነቱ ይመሳሰላል። ቆፍረህ አውጣ፣ በወረቀት ወይም በቅርጫት ያዝ፣ ሁለት ዓይነት አትቀላቅል። ፋብሪካ ፍሳሽና የመኪና መንገድ ዳር ያለውን ተወው፤ እንጉዳይ ከአፈር ከባድ ብረት ይሰበስባል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ሁለቱም አላት። ማንነቱን አረጋግጠህም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ አዋቂ ሰው፣ ትንሽ፣ በደንብ አብስሎ ይብላ፤ አንድ ሁለቱ ጥሬው ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ለልጅ አይሰጥም። በዚህ አልደራደርም፤ ያ ሕፃን ትንሽ በልቶ ከሁሉም ቀድሞ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ

ከበሽታው አሥር ቀን በኋላ እትዬ ኮምቦልቻ ገበያ ሲወጡ ሊጠይቋቸው ገቡ። ልጁ አፍሮ ነበር። ቪዲዮውን አውጥቶ «እንዳሳዩኝ እኮ ነው ያደረግኩት» አላቸው፣ የሜዳውንም ፎቶ አሳያቸው። ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩት። ቆቡን አላዩም፤ ሣሩን ነው ያዩት፣ በጣታቸው ፎቶውን እያሻሹ የሆነ ነገር ፈለጉ።

«ልጄ፣ ኩይሳው የታለ?»

የለም አላቸው። «ታዲያ ይሄን እኔ የት አውቀዋለሁ? የማላውቀውን ወላሂ አልነካም» ብለው ስልኩን መለሱለት። 60 ዓመት ሲለቅሙ የኖሩ ሴት ናቸው።

በዚህ ሐምሌ ልጁ ፎቶ ላከልኝ። እንጉዳዩ ኩይሳ ጎን ጋዜጣ ላይ ተጋድሟል፤ ሥሩ እስከ ጫፉ ወጥቷል፣ አጠገቡ የተማሪ ማስመሪያ አለ፤ 38 ሳንቲ ሜትር። አሻራውም በጥቁር ወረቀት ላይ ተነሥቷል፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ። «ቲቸር፣ እሱ ነው አይደል?» ይላል።

እንደሚመስለኝ ነግሬው፣ እትዬ በእጃቸው ይዘው ይዩት አልኩት። ለጁምዓ ገበያ ይወጣሉ ብሎ አንዱን በወረቀት ጠቅልሎ አስቀመጠላቸው።